የከሰል ጭረት

ቆራሌው ሚዛኑን ከደጃፉ ሰቅሎ፣
«እህቴ፣ ብረት ነው፤ ዋጋው በኪሎ» ብሎ፣
የአያቴን ባቡር ሆድ በጣቱ ያንኳኳል፤
ዱባ እንደሚገዛ ጆሮውን ያስጠጋል።

ቤታችን ይፈርሳል። ሠራተኛ ሰፈር
ቀይ ቀለም ተቀባ፣ ከቆርቆሮው እስካጥር።
እስከ ማክሰኞ ነው የተሰጠን ቀን፤
ሌላውን ጫንነው። ይህን ግን በምን?

አያቴ ዳምጠው ቀጥቃጭ ነበር ዘሩ፤
ወናፍ ነበር ሀብቱ፣ መዶሻው ነው ክብሩ።
ቀን ማረሻ ይዞ የመጣው ገበሬ
ማታ «ቡዳ» ይለው ነበረ በወሬ።

አንድ አርመን ነጋዴ ከስሮ ሲሰደድ
ጥሎት ነበርና ያን የእንፋሎት ጉድ፣
በሁለት ዓመት ዕዳ፣ በእናቱ አልቦ
ገዛው፤ ሰው እየሳቀ ከዙሪያው ተሰብስቦ።
ስምንት በሬ ጎትቶት በቾ ወረደ፤
በሬ የሚያሳርፈው በበሬ ሄደ።
ከዚያ ወዲያ ሥራው፣ ካውድማ አውድማ፣
የሰው እህል መውቃት፣ ዋጋ እየተስማማ።

በመጀመሪያው ጥር፣ ሲቀጣጠል ሆዱ፣
ጢሱን ያየ ሁሉ ሸሸ ከመንገዱ።
ቄሱም ጠበል ረጩት፤ ብረቱ «ጭስስ» አለ፤
«ጮኸ! ወጣ ሰይጣን!» ሰዉ ተባባለ።
ነዶ አጎረሰው እንጂ አያቴ አልመለሰም፤
የአምስት ቀን ውቂያ አምስት ሰዓት አልደረሰም።
ስድቡስ ቀረ ወይ? አልቀረም፤ ብቻ
ወረፋ ይዞ ሆነ፣ አዝሎ ስልቻ።

መዝገቡ እጄ ላይ ነው፣ ቆዳ የለበሰ፣
ዳሩን አይጥ የበላው፣ ገጹ የበሰበሰ፦
ከነቱ ለገሰ፦ ካሥር ዳውላ አንድ።
ከባሻ ጥሩነህ፦ ሦስት ብር፣ የዋርካ ግንድ።
ከእመት አፀደ፦ ምንም። ባሏ ሞቷል በኅዳር።
ከደብሩ አለቃ፦ ምርቃት። የቀረው በሚመጣው ጥር።

ጣሊያን በገባ ጊዜ ብረት ሲለቅም፣
ፉጨቱን ነቅሎ ቀበረ፤ እስከ ዛሬ አልተገኘም።
አባቴ ናፍጣ አመጣ፣ ሁለት ትራክተር፣
«ዳምጠውና ልጆቹ» የሚል ሰሌዳ በሩ ዳር።
ስድሳ ሰባት መጣ።
ደረሰኙ አለ፣ ትራክተሩ የለም፤
ይህንን ግን ማንም ውሰድ ቢሉት አይወስድም።

ዛሬ ግን መዝገቡን ከኋላ ብከፍተው፣
የከሰል ጭረት ነው ገጹን የሞላው።
ሰረዝ፣ ሰረዝ፣ ሰረዝ። አንድም ፊደል የለው።
እሷ ነች። ታንጉት ነች፣ የአያቴ እህት፣
ግማሽ ፊቷ የወጣው ከፎቶው ጥግ፣ ከጢሱ በስተኋላ፣ ገንቦ ከነመሸከሚያው ጀርባዋ ላይ።

ለካ ባቡር ይጠማል! ሲያወሩልን ግን
ስለ እሳቱ ነበር። እኛም አልጠየቅን።
በቀን አርባ ገንቦ፣ ካዋሽ ዳር፣ ካቀበት፤
አንድ ገንቦ፣ አንድ ሰረዝ፣ ፊደል ባታውቅበት።
አንድ ቀን ብትቀር፣ ሆዱ በደረቀ፣
በፈነዳ ነበር፤ አውድማው ባለቀ።

ወደ ፊት መለስኩት፣ ገጽ በገጽ፣ በጣቴ።
ለታንጉት፦
ቁና የለም። ብር የለም።
ምርቃት እንኳ የለም።

«ስድስት መቶ ኪሎ!» ቆራሌው ተጣራ፤
ባትሪውን ወደ ሆዱ ውስጥ እያበራ፤
«ግን ከውስጥ የጋገረው፣ ይኸ ነጭ፣ ይታይሽ፣
ከሚዛኑ ይወጣል። ብረት መስሎሽ?
የውኃ ዝቃጭ ነው፤ ማንም አይገዛሽ።»

ቆይ አልኩት። ቆጥሬ ገና አልጨረስኩም፤
ሺህ አራት መቶ ላይ ነኝ፣ ግማሽ አልደረስኩም።
መሮህን አምጣና ፈልፍልልኝ እሱን፤
ብረቱን ውሰደው።

ልጆች፣ ፌስታል አምጡ። የማይቀደደውን።